የጥላሸት ናኖቅንጣት ለኃይለኛ ሌዘር የሚሰጠው ምላሽ፦ የሙከራ አሠራር ለጎንደር ላብራቶሪዎች

ውሃ ውስጥ የተበተነ የጥላሸት ቅንጣት ደካማ ብርሃን ሲያርፍበት ብርሃኑን መጥጦ በትንሹ ይሞቃል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይታይም። ጥቂት ናኖሴኮንድ የሚቆይ ኃይለኛ የሌዘር ፐልስ ሲመታው ግን ጠባዩ ይለወጣል። ወደ 3,900 ኬልቪን ይግልና ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይቀየራል፤ እንፋሎቱ ፕላዝማ ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ውሃም ፈልቶ አረፋ ይሠራል። ፕላዝማውና አረፋው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት፣ ለደካማ ብርሃን ግልጽ የነበረው ፈሳሽ ለኃይለኛው መንገድ ይዘጋል። ማንሱር፣ ሶይሎና ቫን ስትራይላንድ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ይህን ባህርይ በካርቦን ቀለም ላይ በዝርዝር ለክተውታል። እዚህ የሚቀርበው ይህንኑ ልኬት እዚህ ጎንደር ላይ በሚገኝ ጥላሸት ለመሥራት የሚያስፈልገው አካሄድ ነው። የሚፈለገው ውጤት አንድ ነው፦ ፈሳሹ ብርሃን ማሳለፉን መቀነስ የሚጀምረው በስንት ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ላይ ነው?

መጀመሪያ ስሌቱ

ሙከራው በአብዛኛው የሚበላሸው በሌዘሩ ወይም በጥላሸቱ ምክንያት አይደለም፤ ብርሃኑ ያረፈበትን ስፋት ባለማወቅ ነው። «ፐልሱ 10 ማይክሮጁል ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቅንጣቷን የሚያግላት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ያረፈው ጁል ነው፤ ከዚህ በኋላ የኢነርጂ ጥግግት የምንለው እሱን ነው።

ከየት እንደሚጀመር በወረቀት ላይ አስልቶ ማወቅ ይቻላል። አንድ ግራም ጥላሸት በአረንጓዴ ብርሃን አካባቢ 7.5 ካሬ ሜትር ገደማ የመምጠጫ ስፋት አለው፤ ይህም 75,000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። የኢነርጂ ጥግግቱ 0.1 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን እያንዳንዱ ግራም 7,500 ጁል ይመጥጣል ማለት ነው። ካርቦን በጣም ሲግል የሙቀት አቅሙ በግራም በኬልቪን 2 ጁል አካባቢ ስለሚሆን ሙቀቱ በ3,750 ኬልቪን ይጨምራል። የክፍሉን 295 ኬልቪን ሲደምሩበት ካርቦን የሚተንበት ደረጃ ላይ ደረሱ ማለት ነው። በናኖሴኮንድ ፐልስ የሚታየው መነሻም በዚሁ በ0.1 አካባቢ ነው። እርስዎ 5 ወይም 0.002 ካገኙ ከጥላሸቱ በፊት የራስዎን የስፋት ልኬት ይጠርጥሩ።

ስሌቱ ውስጥ የቅንጣቷ መጠን አለመግባቱን ልብ ይበሉ። ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በጣም የምታንስ ቅንጣት የምትመጥጠው በይዘቷ ልክ ስለሆነ ትንሿም ትልቋም እኩል ይግላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው በመቀዝቀዝ ላይ ነው። ብቻዋን ያለች የ30 ናኖሜትር ቅንጣት ሙቀቷን ከአንድ ናኖሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ለውሃው ስለምትለቅ ፐልሱ ሳያልቅ ታፈስሰዋለች። ተያይዘው 200 ናኖሜትር የሚያህል ዘለላ የሠሩት ግን ሙቀቱን ለበርካታ ናኖሴኮንዶች ይይዛሉ። ስለዚህ ጥላሸቱን ከመጠን በላይ ማድቀቅ ምላሹን ሊያዳክመው ይችላል፤ ዘለላ ሁሉ ጠላት አይደለም።

ጥላሸቱን ማዘጋጀት

የምድጃና የምጣድ ጥላሸት አይጠቀሙ። አመድ፣ የእንጨት ሬንጅና ቅባት ስላለበት ውጤቱ የማን እንደሆነ አይለይም። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለምም፣ መሠረቱ ጥላሸትና ሙጫ ቢሆንም፣ የተቆላ እህልና ሌላም ነገር ስለሚገባበት በቀጥታ ለዚህ አይሆንም። የአሠራሩ ሐሳብ ግን ትክክል ነው፤ ሙጫው ጥላሸቱን ውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ያደርገዋል።

ንጹሕ ጥላሸት ከላምባ ኩራዝ ይገኛል። ክሩን ከፍ አድርገው እስኪያጨስ ይተዉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ የብረት ሳህን ከነበልባሉ ጫፍ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይያዙበት። ከሳህኑ ሥር የተከማቸውን በምላጭ ፍቀው ይሰብስቡ። ይህ ጥላሸት ከ20 እስከ 50 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች የተያያዙበት ነው። ያልተቃጠለ ላምባ ስለሚቀርበት 50 ሚሊግራሙን በ20 ሚሊሊትር አሴቶን እየመቱ ያጥቡ፤ ያጣሩና ይድገሙ፤ አሴቶኑ ቢጫ መሆኑን ሲያቆም ይበቃል። ኩራዙ የጠፋና ከክፍሉ የወጣ መሆን አለበት፤ አሴቶንና ነበልባል አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙም።

ሙጫው የግራር ሙጫ ይሁን። ገበያ ላይ ከእጣን ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥልዎ ይችላልና በደንብ ይለዩ፤ ከመተማ በኩል የሚመጣው ነጭ እጣን ውሃ ላይ በሙሉ የማይሟሟ ቅባታማ ነገር ስላለበት ፈሳሹን ወተት ያስመስለዋል። የግራር ሙጫ ግን ሙሉ በሙሉ ይሟሟል። 1 ግራም ሙጫ በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ አሳድረው በማጣሪያ ወረቀት ያሳልፉ፤ ቀለሙ ከፈዛዛ ቢጫ ከጨለመ የጠራ ሙጫ ይፈልጉ።

50 ሚሊግራም ጥላሸት በዚህ 100 ሚሊሊትር ውስጥ ጨምረው በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ። የማጠቢያው ውሃ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ እየቀየሩ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩት ያስቀምጡ፤ ከታች የዘቀጠውን ትተው የላይኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይቅዱ። ይህ እናት ፈሳሹ ነው። ለሙከራው አሥር እጥፍ ገደማ ማቅጠን ያስፈልጋል፤ የሚቀረው በሊትር 50 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ትክክለኛውን መጠን የሚወስነው ግን ሚዛኑ ሳይሆን ስፔክትሮፎቶሜትሩ (ፈሳሽ በየቀለሙ ስንት ብርሃን እንደሚያሳልፍ የሚለካው መሣሪያ) ነው፦ ባለ 1 ሚሊሜትር ኩቬት (ፈሳሹ የሚገባበት የመለኪያ ብርጭቆ) ውስጥ 532 ናኖሜትር ላይ 70 በመቶ ማሳለፍ አለበት። መሣሪያዎ የሚቀበለው ባለ 1 ሴንቲሜትር ኩቬት ብቻ ከሆነ አብዞርባንሱ (መሣሪያው የሚያነበው የብርሃን መቀነስ መጠን) 1.55 እስኪሆን ያቅጥኑ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለማቅጠኛ ንጹሕ ውሃ ሳይሆን ያንኑ ባለ 1 በመቶ የሙጫ ውሃ ይጠቀሙ፤ አለዚያ ሙጫው ሲሳሳ ቅንጣቶቹ ይያያዛሉ። ሙጫ ስለሚሻግት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው በሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።

ጨረሩን ማሰናዳት

ሌዘሩ ከ5 እስከ 10 ናኖሴኮንድ ፐልስ የሚሰጥ፣ ወደ 532 ናኖሜትር የተቀየረ የኒዮዲሚየም-ያግ ሌዘር ይሁን። ሌዘሩ ከመብራቱ በፊት መነጽሩ፦ ለ532ም ለ1,064ም ናኖሜትር ኦፕቲካል ዴንሲቲው (ብርሃን የመቁረጥ አቅሙ) ቢያንስ 7 የሆነ። አረንጓዴውን ብቻ የሚከላከል መነጽር አይበቃም፤ የማይታየው 1,064 ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይወጣል። በሁለት ዳይክሮይክ መስተዋት (አንዱን ቀለም አንጸባርቆ ሌላውን በሚያሳልፍ) ደጋግመው ቢለዩትም ጥቂት ይቀራል። በተጨማሪ፣ የምንለካው ነገር ራሱ ብርሃን የሚበትን ስለሆነ ኩቬቱን በጥቁር ብረት ይከልሉት። ሰዓትና ቀለበት ይውለቁ፤ ጨረሩ የሚሄድበት ከፍታ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ጋር አይገጣጠም። የጥላሸቱ ፈሳሽ ኃይለኛ ብርሃን ይከላከላል መባሉን ሰምቶ መነጽር የሚያወልቅ ሰው ላብራቶሪው ውስጥ ቦታ የለውም፤ ፈሳሹ መሥራት የሚጀምረው ለዓይን አደገኛ ከሆነው መጠን በጣም ከፍ ብሎ ነው።

የሌዘሩን ኢነርጂ የፍላሽ ላምፑን ቮልቴጅ በማውረድ አይቀንሱ። ቮልቴጁ ሲወርድ የፐልሱ ርዝመትና የጨረሩ ቅርጽ አብረው ይለወጣሉ፤ ከዚያ ሁለት ነጥቦችን ማወዳደር አይቻልም። ሌዘሩን ሁልጊዜ በአንድ ቅንብር ያሂዱትና ኢነርጂውን ከውጭ ይቁረጡ። 100 ሚሊጁል የሚሰጥ ሌዘር ከሆነ ባዶ የብርጭቆ ሽብልቅ ገጽ 4 በመቶ ያህሉን ያንጸባርቃል፤ ሁለት ጊዜ ቢያንጸባርቁት 160 ማይክሮጁል ይቀርዎታል። የተረፈውን ጨረር በጨረር ማቆሚያ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ በኋላ ግማሽ-ሞገድ ፕሌት (የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ የሚያዞር) እና ፖላራይዘር (አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ያስቀምጡ፤ ፕሌቱን 45 ዲግሪ ማዞር ከከፍተኛው እስከ ዜሮ አካባቢ ያወርዳል። የብርጭቆው ሁለት ገጽ ትይዩ ከሆነ ሁለቱ ነጸብራቆች እርስ በርስ ስለሚጋጩ ንባቡ ይዋዥቃል፤ ሽብልቅ ያልነውም ለዚህ ነው።

ሌንሱ 200 ሚሊሜትር ፎከስ ያለው ይሁን። ሌንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር ራዲየስ 2 ሚሊሜትር ከሆነና ጨረሩ ፍጹም ከሆነ ፎከሱ ላይ ራዲየሱ 17 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ጨረሩ ጠባብ ሆኖ የሚቆይበት የሬይሊ ርቀት ደግሞ 1.7 ሚሊሜትር። ባለ 1 ሚሊሜትር ኩቬት የተመረጠው ከዚህ ርቀት እንዲያንስ ነው። በዚህ ስፋት ላይ 1 ማይክሮጁል 0.22 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይሰጣል፤ ማለትም የሚፈለገው ሁሉ ከ0.1 እስከ 10 ማይክሮጁል ባለው ውስጥ ነው።

ነገር ግን የላብራቶሪ ሌዘር ፍጹም አይደለም። የጨረሩ ጥራት ቁጥር (ለፍጹም ጨረር 1 የሆነው) 1.5 ከሆነ ራዲየሱ 25 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ የኢነርጂ ጥግግቱም በ2.25 እጥፍ ይወርዳል። ስለዚህ ይለኩት። አዲስ ምላጭ በማይክሮሜትር መድረክ ላይ አስረው ፎከሱ ላይ ጨረሩን ቀስ በቀስ ይቁረጡ፤ ዲቴክተሩ ከ84 በመቶ ወደ 16 በመቶ እስኪወርድ ምላጩ የተጓዘው ርቀት ራሱ ራዲየሱ ነው። ይህን ሲሠሩ ኢነርጂውን ዝቅ ያድርጉ፤ አለዚያ ምላጩ ራሱ ይተናል። በፎከሱ ፊትና ኋላ በየ2 ሚሊሜትሩ ደጋግመው ይለኩት፤ ሁለት ቀን የሚፈጅ ከሆነም ይፍጅ፤ ከሙከራው ሁሉ የማይዘለለው ሥራ ይህ ነው።

ልኬቱ

ኩቬቱን በጨረሩ መስመር ላይ ወደፊትና ወደኋላ በሚሄድ መድረክ ያስቀምጡ፤ ከፎከሱ 15 ሚሊሜትር ቀድመው ይጀምሩና 15 ሚሊሜትር አልፈው ይጨርሱ። ራቅ ሲሉ በ1 ሚሊሜትር፣ ከፎከሱ ግራና ቀኝ 4 ሚሊሜትር ውስጥ በሩብ ሚሊሜትር ይራመዱ። ዜድ-ስካን የሚባለው ይህ ነው። ጥቅሙ ኢነርጂውን ሳይነኩ የኢነርጂ ጥግግቱን መቀየር መቻሉ ነው፦ በ4.5 ማይክሮጁል ፎከሱ ላይ 1 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ከፎከሱ 5 ሚሊሜትር ሲርቁ ወደ 0.1፣ 15 ሚሊሜትር ላይ ወደ 0.013 ይወርዳል። ስለዚህ ጤናማ ውጤት ሩቅ ላይ ዝርግ ሆኖ፣ 5 ሚሊሜትር አካባቢ መውረድ ጀምሮ፣ ፎከሱ ላይ ጥልቅ ሸለቆ ይሠራል፤ ግራና ቀኙም ተመሳሳይ ነው።

ሦስት ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዳሳሽ) ያስፈልጋል። አንዱ ከኩቬቱ በፊት የእያንዳንዱን ፐልስ ኢነርጂ ይመዘግባል፤ የሌዘር ፐልስ እርስ በርሱ እኩል ስላልሆነ ሁልጊዜ የሚወሰደው ውድሩ ነው። ሁለተኛው ከኩቬቱ በኋላ ያለፈውን ይለካል፤ ከፊቱ ሰፊ ሌንስ ይኑር፤ የሌንሱንም ስፋትና ርቀት ይጻፉት፤ ምክንያቱም ብርሃኑ የሚጠፋው በመበተን ስለሆነ ጠባብ ሌንስ ያደረገ ሰው ከእርስዎ የበለጠ «ጠፍቶ» ያገኘዋል። ሦስተኛው በጎን፣ በ90 ዲግሪ ይቀመጥ። ያለፈው ሲቀንስ የጎኑ ከጨመረ መበተኑ ተረጋገጠ። በጎኑ ፎቶዳዮድ ፊት 532ን የሚዘጋ ፊልተር ቢያደርጉ ደግሞ የጋለው ካርቦን ራሱ የሚሰጠውን ብርሃን ያያሉ፤ በ3,900 ኬልቪን የሚያበራ አካል ጫፉ 743 ናኖሜትር ላይ ነውና ፎቶዳዮዱ በደንብ ያየዋል። በሞተርና በነበልባል ውስጥ ያለ ጥላሸት መጠን የሚለካውም በዚሁ በጋለ ቅንጣት ብርሃን ነው።

ኢነርጂ ሜትሩ ማይክሮጁል የሚለካ ፓይሮኤሌክትሪክ መሆን አለበት። ፎቶዳዮዶቹ እንዳይሞሉ ግራጫ ፊልተር ያድርጉባቸው፤ ኩቬቱን አውጥተው ኢነርጂውን አሥር እጥፍ ሲቀያይሩ የሁለቱ ውድር ካልተለወጠ ደህና ናቸው። ከዚያ የሙጫ ውሃ ብቻ የያዘ ኩቬት አስገብተው ሙሉውን ጉዞ ይሂዱ። ዝርግ መስመር ካልወጣ ሙጫው ወይም ኩቬቱ ቆሻሻ አለበት፤ ጥላሸቱን ገና አያስገቡ።

የሚበላሹ ነገሮች

ትልቁ ችግር ያው ቦታ ደጋግሞ መመታቱ ነው። የተመታው ቅንጣት ተንኖ ወይም ተሰባብሮ ያልቃል፤ ሌዘሩ በሴኮንድ 10 ጊዜ ከተኮሰ ሁለተኛው ፐልስ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ፍርስራሽ ነው። ከሙከራው በኋላ በደካማ ብርሃን ሲለኩት ፈሳሹ ከ70 በመቶ በላይ ያሳልፍ ጀምሮ ከሆነ ይህ ደርሷል። መፍትሔው በአንድ ፐልስ ብቻ መተኮስ፣ ከዚያ ፈሳሹን ማንቀሳቀስ ወይም በትንሽ ፓምፕ ማዞር ነው።

በኩቬቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የማይጠፋ አረፋ ካዩ ደግሞ የውሃ እንፋሎት አይደለም፤ እንፋሎት በማይክሮሴኮንዶች ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የጋለ ካርቦን ከውሃ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ የሚቀረው አረፋ እሱ ነው። ኩቬቱን በክዳን አጥብቀው አይዝጉ፤ ክፍሉም አየር ያግኝ።

ሸለቆው ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ በአብዛኛው ኩቬቱ ዘምሟል ወይም ጨረሩ ክብ አይደለም። በፎከሱ ላይ ሸለቆ ሳይሆን ኮረብታ ከወጣ ኢነርጂው ከመነሻው በታች ሆኖ የሚታየው ሌላ ውጤት ነው፤ ወይም አረፋ ጨረሩን ሰብስቦታል፤ ኢነርጂውን ቀይረው ይድገሙ። ሸለቆው ከአንዱ ጉዞ ወደ ሌላው ቦታውን ቢቀይር የኩቬቱን መስታወት ይመልከቱ፤ ጥላሸት የተለጠፈበት ብርጭቆ ከንጹሑ በጣም ባነሰ የኢነርጂ ጥግግት ይቃጠላል፤ አንዴ የተቃጠለ ነጥብም በሚቀጥለው ሁሉ ይገባል። ከ4 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር በላይ አይሂዱ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይህ ውጤቱን ይለውጥ ይሆን ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በናኖሴኮንድ የሚሞቅ ውሃ መፍያውን ዘልሎ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው በአንዴ የሚፈነዳው። መብራት ግን ሌላ ነገር ነው። መብራት ሲሄድ የመጀመሪያው ሥራ የሌዘሩን ቁልፍ አጥፍቶ ማውጣት ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ማንም ሳይዘጋጅ እንዳይተኩስ። ከመጣም በኋላ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቀው፣ ሌዘሩን 30 ደቂቃ አሙቀው፣ የምላጩን ልኬት ቢያንስ ፎከሱ ላይ ይድገሙት፤ ቀዝቃዛ ሌዘር የጨረሩ ስፋት ከሞቀው ይለያል። ለኦስሲሎስኮፑና ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ይበቃል፤ የሌዘሩን የውሃ ማቀዝቀዣ ግን አይሸከምም። በማቀዝቀዣው ውስጥ የቧንቧ ውሃ አይገባም፤ የተጣራ ውሃ ብቻ። በክረምት ሌንሶች ላይ እርጥበት እንዳያርፍ ሲሊካ ጄል ያለበት ሳጥን ውስጥ ያሳድሯቸው።

ፐልስ ሌዘር ከሌለ

50 ወይም 100 ሚሊዋት ያለው የማያቋርጥ አረንጓዴ ሌዘር ያንኑ ፈሳሽ ሲያልፍ ሌላ ነገር ያሳያል። ቅንጣቱ ወደ መትነን አይደርስም፤ ሙቀቱ ወደ ፈሳሹ ስለሚሄድ መሐሉ ላይ የብርሃን ማጠፊያው ቁጥር ይወርዳል፣ ፈሳሹም ብርሃን የሚበትን ሌንስ ይሆናል። 2 ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ያለው ነጥብ በሴኮንድ ውስጥ ይሰፋል፤ ቀለበቶችም ሊያሳይ ይችላል። ውሃ ለዚህ ደካማ ነው፤ ኤታኖል በዲግሪ አራት እጥፍ ያህል ይለወጣል፣ ሙቀትንም ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ቀስ ብሎ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ውጤቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጎላል። ሙጫው ግን በኤታኖል ስለሚረጋ ጥላሸቱን ያለ ሙጫ፣ በአልትራሳውንድ ብቻ በትነው በዚያው ሰዓት ይጠቀሙት። ቀለበቶቹ ከላይ በኩል ከተደፈጠጡ የሞቀው ፈሳሽ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ኃይሉን ይቀንሱ ወይም ቀጭን ኩቬት ያድርጉ። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘሮች 808ና 1,064 ናኖሜትር የማይታይ ብርሃን ስለሚያፈሱ መነጽሩ እዚህም አይቀርም። ይህን ልኬት ከፐልሱ ጋር በአንድ ግራፍ አይሳሉት፤ አንዱ የፈሳሹን ሙቀት፣ ሌላው የቅንጣቱን መትነን ነው የሚለካው።